ለሃሪኬን ወቅት ቤት ማዘጋጀት፦ ከሜይ ጀምሮ እስከ ማዕበሉ ማግስት

በየዓመቱ ያው ነው። ማዕበሉ ስም ወጥቶለት ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ሁሉም ሰው በአንዴ ወደ ሱቅ ይሮጣል። ውሃ የለም። ባትሪ የለም። ፕላይውድ ካለቀ ቆይቷል። የማደያው ሰልፍ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቷል። ኢንሹራንስ ጋ ሲደወል “ማዕበሉ እስኪያልፍ አዲስ ውል አንገባም” ይላሉ።

ሰው እዚህ ጣጣ ውስጥ የሚገባው ሁሉንም ሥራ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ስለሚተው ነው። አንዳንዱ ሥራ 30 ቀን ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ግማሽ ቀን፤ አንዳንዱ አስር ደቂቃ። ስለዚህ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን አስቀድሜያለሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መመሪያው በአሜሪካ የባሕረ ሰላጤውና የአትላንቲክ ዳርቻ ለምትኖሩ ነው፦ ሂዩስተን፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ታምፓ፣ ማያሚ፣ ሳቫና፣ ቻርልስተንና አካባቢያቸው። ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ጁላይ ጸጥ ብሎ ስላለፈ ዘንድሮ ተረፍን አትበሉ።

ደረጃ 1 (ሜይ)፦ ውሃ ይደርስባችሁ እንደሆነ አጣሩ

ሁሉም ውሳኔ እዚህ ላይ ይቆማል። የአካባቢው ባለሥልጣናት ዘወትር የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ከውሃ ሽሹ፣ ከነፋስ ተደበቁ። ጠንካራ ቤት ነፋስን ይችላል። ውሃ ሲመጣ ግን ቤት ውስጥ መቆየት ወጥመድ ነው።

1. የካውንቲያችሁን የመልቀቂያ ዞን ካርታ ክፈቱና አድራሻችሁን አስገቡ። ፍሎሪዳ ውስጥ ዞኖቹ በፊደል የተሰየሙ ናቸው፤ ኤ የመጀመሪያው ለቅቆ የሚወጣ ነው። ፊደሉን ጻፉት።
2. የፌማን (የፌዴራል መንግሥቱን የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታም እዩ። ሁለቱ ካርታዎች የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ከባሕር ተገፍቶ ስለሚመጣ ውሃ ነው። ሁለተኛው ለኢንሹራንስና ለግንባታ የሚያገለግል ነው።
3. ለረጅም ጊዜ የኖረ ጎረቤት ካለ ጠይቁት። “እዚህ መንገድ ላይ ውሃ የት ደርሶ ያውቃል?” የሚል ጥያቄ ካርታ የማይነግራችሁን ያወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ “ካቴጎሪ 1 ነው፣ ምንም አይል” የሚል ወሬ አትስሙ። ካቴጎሪው የሚለካው የነፋስ ፍጥነትን ብቻ ነው። 1 የሚባለው ከ119 እስከ 153 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ 5 ደግሞ ከ252 በላይ። ስለ ዝናብና ስለ ባሕር ውሃ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ሂዩስተንን ያሰመጣት ነፋሱ ከደከመ በኋላ ነበር፤ ኔዘርላንድ በተባለች የቴክሳስ ከተማ ከ60 ኢንች በላይ ዝናብ ተለክቷል። በጁላይ 2024 የመጣው ቤሪል ካቴጎሪ 1 ነበር፤ ሂዩስተንና አካባቢዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች በዚያ ሙቀት መብራት አጡ። በዚያው ዓመት ሄሊን ፍሎሪዳ ገብቶ ጉዳቱን ያበዛው ከባሕር እጅግ በራቀው በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ነው።

ሞባይል ሆም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ የዞኑ ፊደል አይመለከታችሁም። ልቀቁ ሲባል ትወጣላችሁ።

ደረጃ 2 (ሜይ)፦ ኢንሹራንሱን አሁን ጨርሱ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። ጣሪያው በነፋስ ተገንጥሎ ዝናብ ቢገባ ሊከፍል ይችላል። ውሃው በበር ሥር ከገባ አይከፍልም። ጎርፍ የራሱ ውል አለው። በፌዴራል መንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም የምትገዙት ውል እንደ ደንቡ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማዕበሉ ባሕር ላይ ሲታይ ብትገዙት ለዚያ ማዕበል አይደርስላችሁም።

1. ወኪላችሁ ጋ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጎርፍ ይሸፍናል? ነፋስ ይሸፍናል? የሃሪኬን ዲዳክተብሉ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ስንት ነው?
2. ሦስተኛውን በዶላር እንዲነግሯችሁ አድርጉ። የሃሪኬን ዲዳክተብል ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው፤ መቶኛው የሚሰላው ደግሞ ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባበት ገንዘብ ላይ ነው። በ300,000 ዶላር የተመዘገበ ቤት 2 በመቶ ከሆነ የመጀመሪያው 6,000 ዶላር ከኪሳችሁ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስደነግጣል፤ ጣሪያ ከተገነጠለ በኋላ ማወቅ ግን ይብሳል።
3. ተከራይ ከሆናችሁ የአከራዩ ኢንሹራንስ ዕቃችሁን አይመለከትም። የተከራይ ኢንሹራንስ ግቡ። ጎርፍ የሚያሰጋ ከሆነ ለዕቃ ብቻ የሚሆን የጎርፍ ውል ተከራይም መግዛት ይችላል። ከፌዴራሉ ፕሮግራም ለዕቃ የሚገኘው ከፍተኛው መጠን 100,000 ዶላር ነው።
4. የመኪናችሁን ውል አንብቡ። ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ከሆነ መኪናው በጎርፍ ቢሰምጥ አንድ ሳንቲም አታገኙም። ጎርፍን የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ነው። ታክሲ ወይም ኡበር ለምትሠሩ መኪናው እንጀራችሁ ነውና ይህን ለነገ አትበሉ።

የቤታችሁን ዕቃ ሁሉ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ክፍል በክፍል እየዞራችሁ፣ ቁም ሳጥንና መሳቢያ እየከፈታችሁ፣ የቲቪውን፣ የፍሪጁን፣ የኮምፒዩተሩን መለያ ቁጥር እያሳያችሁ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ሌላ ስቴት ላለ ዘመድ ላኩት፤ ስልካችሁ ቢጠፋ እንኳ ይገኛል።

ካልሆነስ? ወቅቱ ገብቶ ኢንሹራንስ የሌላችሁ ከሆነም ዛሬውኑ ግዙ። በጁን የተገዛ ውል ለኦገስትና ለሴፕቴምበር ይደርሳል።

ደረጃ 3 (ሜይ)፦ የወረቀት ዕቅድ ጻፉ፣ በአማርኛም ጭምር

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች ያሉበት ቤት ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። አባትና እናት ሥራ ላይ ናቸው። ቤት ያለችው እማማ ናት፣ ከልጆቹ ጋር። ስልኳ ላይ የሚጮኸው የአደጋ መልእክት የሚመጣው በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ ነው። ድምፁን ትሰማለች፤ ምን እንደሚል አታውቅም።

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ በትልልቅ ፊደል ጻፉና ፍሪጁ ላይ ለጥፉ፦

- የቤቱን አድራሻ እንደሚጠራው፣ በአማርኛ ፊደል። “ቱ ፎር ዋን፣ ኦክ ስትሪት፣ አፓርትመንት ናይን” እያላችሁ። 911 ስትደውል ከወረቀቱ ታነበዋለች።
- “911 ደውዪ። መጀመሪያ ‘አምሃሪክ’ በዪ። ስልኩን አትዝጊ።” ብዙ ቦታ የስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ እስኪገናኝ ግን ዝም ይላል፣ እሷም የተቋረጠ መስሏት ትዘጋዋለች።
- የሦስት ሰዎች ስልክ ቁጥር፦ ቅርብ ያለ ጎረቤት፣ ከተማው ውስጥ ያለ ዘመድ፣ ሌላ ስቴት ያለ ዘመድ። የአካባቢው መስመር ሲጨናነቅ ሩቅ ያለው ሰው ይገኛል፤ ሁላችሁም ለእሱ “ደህና ነኝ” ትላላችሁ።
- ነፋስ ሲበረታ የሚገባበት ክፍል የቱ እንደሆነ።
- የመድኃኒቷ ስምና መጠን።

ከዚያ አንድ ጊዜ አብራችኋት ተለማመዱ። አድራሻውን ጮክ ብላ ታንብብ። ክፍሉን ታሳያችሁ። ልጆቹም ይስሙ።

ኦክስጅን ወይም ዳያሊስስ የሚያስፈልገው ወይም ራሱን ችሎ መውጣት የማይችል ሰው ቤት ካለ 211 (የማኅበራዊ እርዳታ መረጃ መስመር) ደውላችሁ በአደጋ ጊዜ እርዳታ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ስላለው ምዝገባ ጠይቁ። ቴክሳስ ውስጥ ምዝገባው በዚሁ ቁጥር ይካሄዳል። ፍሎሪዳ ውስጥም መዝገብ አለ። መመዝገብ ብቻውን መጓጓዣ እንደሚመጣ ዋስትና አይደለም፤ የራሳችሁን ሰው ማዘጋጀት አትተዉ።

የመውጫ ዕቅድ

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዓላማው ከውሃው መውጣት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት አስር ማይል ወደ መሬት ውስጥ ገባ ማለት ይበቃል። በ2005 ሃሪኬን ሪታ ስትመጣ ከሂዩስተን አካባቢ ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ወጡ፤ ቴክሳስ ውስጥ ከማዕበሉ ይልቅ መንገድ ላይ በሙቀትና በአደጋ የሞተው በዛ። ከፍ ያለ ቦታ፣ ከዞን ውጭ የሚኖር ወዳጅ ካላችሁ አሁኑኑ ተነጋገሩ። “ከመጣን ስድስት ነን፣ ሦስት ሌሊት” ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ይሉኝታ ይዟችሁ በመጨረሻው ሰዓት አትደውሉ።

ደረጃ 4 (ሜይና ጁን)፦ ውሃ፣ ምግብ፣ መብራት

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየገዛችሁ አከማቹ።

ውሃ፦ ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን፣ ወደ 4 ሊትር ገደማ። ዝቅተኛው ለሦስት ቀን ነው፤ እኔ ግን ለአንድ ሳምንት ያዙ እላለሁ። አምስት ሰው ካላችሁ 35 ጋሎን ማለት ነው።

ምግብ፦ ሳይበስል የሚበላ። የታሸገ ዓሣና ባቄላ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ብስኩት። በሶና ቆሎም ካላችሁ አይበላሹም፣ እሳትም አይፈልጉም። በእጅ የሚሠራ የቆርቆሮ መክፈቻ አትርሱ።

መብራት፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬድዮ። ሻማ እና ጧፍ አትጠቀሙ፤ መብራት ጠፍቶ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ እሳት አደጋ መኪና መድረስ በማይችልበት ሌሊት የሚነሳ ቃጠሎ ማን ያጠፋዋል?

መድኃኒት፦ ቢያንስ የሁለት ሳምንት። ፋርማሲው “ገና ጊዜው አልደረሰም” ካለ ስለ አደጋ ጊዜ ማሟያ ጠይቁ። ፍሎሪዳ ውስጥ የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ ሲታወጅ ቀድሞ መሙላት በሕግ ይፈቀዳል።

ጥሬ ገንዘብ፦ መብራት ከሌለ ካርድ አይሠራም። ትናንሽ ኖቶች ይሁኑ።

ሰነዶች፦ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ሰርተፍኬት፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ውል፣ የኢንሹራንስ ውል። ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጋችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡ፤ ፎቶም አንሱ። የኢሚግሬሽን ወረቀት መልሶ ለማውጣት ወራት ይፈጃል። ከሁሉም ዕቃ በፊት እጃችሁ የሚገባው ይህ ከረጢት ይሁን።

ካልሆነስ? የታሸገ ውሃ ካላገኛችሁ የቧንቧ ውሃ በንጹህ ጀሪካን ሙሉ። በኋላ ስለ ጥራቱ ከተጠራጠራችሁ አንድ ደቂቃ አፍሉት። ማፍላት ካልተቻለ ሽታ የሌለው ተራ በረኪና ተጠቀሙ፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 6 በመቶ ከሆነ ለአንድ ጋሎን ንጹህ ውሃ 8 ጠብታ፣ 8.25 በመቶ ከሆነ 6 ጠብታ። ውሃው ከደፈረሰ በጨርቅ አጣሩና ጠብታውን እጥፍ አድርጉ። አማስላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበትን ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያድነውም፤ ድፉት።

ደረጃ 5 (ጁን)፦ ቤቱን ራሱን አጠንክሩ

1. መስኮት ላይ ፕላስተር አትለጥፉ። አይረዳም፤ መስታወቱ በትልልቅ ስለት እንዲረግፍ ያደርጋል። ሻተር (የመስኮት መከለያ) ከሌላችሁ ቢያንስ 5/8 ኢንች ውፍረት ያለው ፕላይውድ ግዙ።
2. ፕላይውዱን አሁን ለክታችሁ ቁረጡ። ቀዳዳውንም አሁን ብሱ። እያንዳንዱ ላይ በማርከር “ሳሎን፣ ግራ፣ ላይ በዚህ በኩል” ብላችሁ ጻፉ። ብሎኖቹን በከረጢት አድርጋችሁ እዚያው ላይ ለጥፉ። ይህን የሠራ ቤት በሁለት ሰዓት ይሸፈናል፤ ያልሠራ ሰው ዝናብ እየመታው ቀኑን ሙሉ ይለካል።
3. የጋራዡን በር እዩ። ቤቱ ላይ ደካማው ቦታ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እሱ ከተገፋ ነፋሱ ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል። ማጠናከሪያ ብረት ይሸጣል፤ ባለሙያ ጠይቁ።
4. አሸንዳውን ጥረጉ። ወደ ጣሪያ ያዘነበሉ ቅርንጫፎችን አስቆርጡ። ማዕበል ሲቃረብ አትቁረጡ፤ የተቆረጠው ሳይነሳ ከቀረ ነፋሱ እንደ ጦር ይወረውረዋል።

አፓርትመንት ተከራዮች፦ መስኮት ማን እንደሚሸፍን ለአከራዩ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱን አስቀምጡት።

ጄኔሬተር ካላችሁ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከማዕበል በኋላ በየጊዜው ቤተሰብ የሚጨርሰው የጄኔሬተር ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም።

- ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ይራቅ። ጭሱ የሚወጣበት በኩል ከበርና ከመስኮት ወደ ውጭ ይዙር። የጎረቤታችሁን መስኮትም አስቡ።
- ጋራዥ ውስጥ አይቻልም። በሩ ተከፍቶም አይቻልም። በረንዳ ላይም አይቻልም።
- ግድግዳው ላይ ያለ ሶኬት ውስጥ አትሰኩት። ኤሌክትሪኩ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። ዕቃውን በቀጥታ ለውጭ በተሠራ ወፍራም ኤክስቴንሽን አገናኙ።
- አጥፍታችሁ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነዳጅ ጨምሩ።
- በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኝታ ክፍሎች አጠገብ ስቀሉ።

ከሰልም ያው ነው። ቡና ለማፍላት ተብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ቤት አይገባም፤ መስኮት መክፈት አይበቃም። በፌብሩወሪ 2021 ቴክሳስ በቅዝቃዜ መብራት ሲጠፋባት ለመሞቅ ቤት ውስጥ ከሰል ያቀጣጠሉና ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሱ ሰዎች ሞተዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ከታየ ምን እንደሆነ አትከራከሩ። ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከዚያ 911።

ደረጃ 6 (ማዕበሉ ባሕር ላይ ሲታይ)፦ ዜናውን በትክክል ስሙ

ምንጫችሁ የብሔራዊ ሃሪኬን ማዕከሉ ይሁን። ሙሉ መግለጫው በየ6 ሰዓቱ ይወጣል። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የሚዞረው ካርታ ብዙ ጊዜ ያረጀ ወይም የተጋነነ ነው።

ካርታው ላይ ያለውን ሾጣጣ ቅርጽ ሰው ይሳሳተዋል። የሚያሳየው የማዕበሉ መሐል የት ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው፤ መሐሉም ከሦስት አንድ ጊዜ ገደማ ከቅርጹ ውጭ ይወጣል። ዝናቡና ነፋሱ ደግሞ ከመሐሉ በጣም ርቆ ይደርሳል። “ከመስመሩ ውጭ ነን” ብላችሁ አትቀመጡ።

ሁለት ቃላት ለዩ። “ዎች” ሲባል ሃሪኬን ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ ብርቱ ነፋስ ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት 48 ሰዓት በፊት ይወጣል። “ዎርኒንግ” ሲባል ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል ማለት ነው፤ 36 ሰዓት በፊት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ማዕበሉ እስኪደርስ ሳይሆን ውጭ መሥራት አደገኛ እስኪሆን ድረስ መሆኑን ልብ በሉ።

ዎች ሲታወጅ፦
1. መኪናውን ነዳጅ ሙሉ። በወቅቱ ሁሉ ከግማሽ ታንክ በታች አታውርዱ።
2. ዞናችሁ ልቀቁ ከተባለ ያን ጊዜውኑ ውጡ። “ነገ ጠዋት እንይ” ያለ ሰው ሰልፍ ውስጥ ይገባል።
3. የምትቆዩ ከሆነ መስኮት መሸፈን ጀምሩ። የውጭ ወንበር፣ ጥብስ መጥበሻ፣ የአበባ ማሰሮ፣ የልጆች ብስክሌት ሁሉ ይግባ።
4. ለሩቁ ዘመድ ውሳኔያችሁን ንገሩ።

ዎርኒንግ ሲታወጅ፦
1. ፍሪጅና ፍሪዘር ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ አድርጉ። ፍሪዘሩ ውስጥ በኩባያ የቀዘቀዘ ውሃ አስቀምጡና ላዩ ላይ ሳንቲም ጣል አድርጉ። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ሳንቲሙ ከላይ እንዳለ ከሆነ ምግቡ አልቀለጠም። ታች ከወረደ ቀልጦ ዳግም ቀዝቅዟልና ጣሉት።
2. ባኞውንና ባልዲዎችን ውሃ ሙሉ። ይህ ለሽንት ቤት ነው፣ ለመጠጥ አይደለም። ትንሽ ልጅ ካለ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፉ።
3. ስልክና ፓወር ባንክ ሁሉ ቻርጅ አድርጉ።
4. መኪናውን ከፍ ወዳለ ቦታ ውሰዱ። ከዛፍ ሥርና ከዝቅተኛ ፓርኪንግ አውጡት።
5. ለቅቃችሁ የምትወጡ ከሆነ ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ የሰነዱን ከረጢት ያዙ፣ በር ቆልፉ፣ ሂዱ። የፍሪዘሩን ምግብ ግን ቀድማችሁ አውጡ ወይም ስጡ።

ካልሆነስ? መኪና ከሌላችሁ 211 ወይም የካውንቲውን የአደጋ ጊዜ ቢሮ ደውላችሁ ስለ መጓጓዣ ጠይቁ። ደውላችሁ የምትጠይቁት ዎች ሲወጣ ነው። ነፋሱ ከበረታ በኋላ አውቶቡስም አምቡላንስም አይወጣም።

ደረጃ 7 (ማዕበሉ ሲደርስ)፦ ውስጥ ሁኑ

መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ግቡ፦ መታጠቢያ ቤት፣ ቁም ሳጥን፣ ደረጃ ሥር ያለ ቦታ። ፍራሽ ይዛችሁ ግቡ። ሁሉም ጫማ ያድርግ፤ ሌሊት ብርጭቆ ላይ መራመድ ሊመጣ ይችላል።

ድንገት ጸጥ ካለ አትውጡ። የማዕበሉ ዓይን ላያችሁ ላይ ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ከደቂቃዎች በኋላ በተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው ኃይል ይመለሳል።

ውሃ መግባት ከጀመረ፦ ብሬከሩ ደረቅ ቦታ ካለና እናንተም ደረቅ ላይ ከቆማችሁ ብቻ አጥፉ። ከዚያ ወደ ላይኛው ፎቅ። አቲክ (ከጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ) ውስጥ መውጣት የመጨረሻ ምርጫ ነው፤ መውጫ የሌለው አቲክ ውስጥ ውሃው ተከትሏችሁ ሊመጣ ይችላል። ግድ ከሆነ ጣሪያውን የሚቀድ መጥረቢያ ይዛችሁ ውጡ። ስለዚህ ጎርፍ በሚያሰጋበት ቤት መጥረቢያው ጋራዥ ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ደረጃ 8 (ማግስቱ)፦ ቀስ በሉ

ብዙ ሰው የሚጎዳው ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው።

1. የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ቢያንስ 35 ጫማ፣ 10 ሜትር ያህል ራቁ። የሞተ ሽቦ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ከውሃ ጋር ከተነካካ ውሃውንም አትርገጡ።
2. በጎርፍ ውስጥ አትንዱ። 6 ኢንች የሚሮጥ ውሃ ሰውን ይጥላል፤ 12 ኢንች ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 2 ጫማ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ከውሃው በታች መንገዱ ይኑር አይኑር አታዩም። ተመለሱ።
3. የፍሪጅ በር ካልተከፈተ ምግቡን ለ4 ሰዓት ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሥጋ፣ ወተት፣ የተሠራ ወጥ ይጣል። ቀምሳችሁ አትፈትኑ።
4. ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር ሜትር አስደግፋችሁ አንሱት። ከዚያ ኢንሹራንስ ጋ ደውሉና የጉዳይ ቁጥሩን ጻፉ።
5. ፎቶው ካለቀ በኋላ ግን ማንንም አትጠብቁ። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። የረጠበ ምንጣፍና ፍራሽ ይውጣ። ጓንትና ኤን95 ማስክ አድርጉ። ከምንጣፉ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ አስቀምጡ፤ ገምጋሚው ሲመጣ ዓይነቱን ታሳያላችሁ። ሆቴልም ሆነ ዕቃ፣ ማንኛውንም ደረሰኝ ያዙ።

በር እያንኳኳ “ጣሪያህን በነጻ አያለሁ፣ እዚህ ፈርም” የሚል ሰው ይመጣል። እዚያው በር ላይ አትፈርሙ። የፈረማችሁት ወረቀት የኢንሹራንስ ገንዘባችሁን ለእሱ የሚያዞር ሊሆን ይችላል። ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን እንዲያሳይ ጠይቁ፤ ሌላ ሁለት ሰው ዋጋ ያቅርብ፤ ሙሉውን ገንዘብ በቅድሚያ አትክፈሉ።

ፕሬዚዳንቱ ለካውንቲያችሁ የአደጋ አዋጅ ካወጀ ለፌማ አመልክቱ። ስልኩ 1-800-621-3362 ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ማመልከቻ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው አጭበርባሪ ነው። ኢንሹራንስ ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ አመልክቱ፤ ፌማ የኢንሹራንሱን ውሳኔ ያያልና። የማመልከቻው ቀን ገደብ አለው፤ በተለምዶ ከአዋጁ 60 ቀን ነው።

“አይገባችሁም” የሚል ደብዳቤ ከመጣ አንብቡት እንጂ አትቅደዱት። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው፦ የኢንሹራንስ ደብዳቤ፣ የቤት ውል፣ ፊርማ። የጎደለውን አያይዛችሁ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ላኩ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም የማመልከቻ ቁጥራችሁንና የአደጋውን ቁጥር ጻፉ።